የማን ልጅ ነሽ? ጅዳና መካ ላይ ሰው በሰው እንዴት ይገኛል

ጅዳ ባብ መካ ገበያ ውስጥ ሁለት የሀገር ልጆች ከተያዩ ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይመጣል። «የየት ሀገር ልጅ ነሽ?» «የወሎ።» «ወሎ የት?» «ሐይቅ።» «ከተማው ነው ገጠሩ?» እንዲህ እየተባለ ሦስት አራት ጥያቄ ሳይሞላ ወይ ሁለቱም የሚያውቁት ሰው ይገኛል፣ ወይ የዚያ ሰው ጎረቤት፣ ወይ ደግሞ በአንድ አውሮፕላን አብራ የመጣች ልጅ። ከዚያ «እንዴ! የእሷ እህት ነሽ እንዴ?» ይባልና መተቃቀፍ ነው።

አብዛኞቻችን ይህን ዕድል ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔም ሰው ቤት በምሠራበት ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን የጠፉ ልጆችን ከቤተሰብ በማገናኘት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስሠራ የማየው ሌላ ነው። የሰው ለሰው ሰንሰለቱ ሁልጊዜም አለ። ጥያቄው ማን ይስበዋል፣ ማንስ ጋ ይበጠሳል ነው።

ይህን ነገር በሙከራ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ስታንሊ ሚልግራም የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ነገር ሞከረ። ቦስተን ከተማ የሚሠራ አንድ ሰው መረጠና ወደ እሱ እንዲደርስ የሚፈለግ መልእክት ለብዙ ሰዎች ላከ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ነብራስካ በሚባል በጣም ሩቅ ክፍለ ሀገር ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ሰውየውን በግል ካወቅኸው በቀጥታ ላክለት፤ ካላወቅኸው ደግሞ «እሱ ሳያውቀው አይቀርም» ለምትለው ለአንድ የራስህ ሰው አስተላልፍ። ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1969 ባወጣው ጽሑፍ መሠረት መልእክቱ ከተሰጣቸው 296 ሰዎች የ64ቱ ደረሰ። የደረሱት መሐል ላይ ያለፉበት ሰው ብዛት በአማካይ አምስት ገደማ ነው። «የዓለም ሕዝብ በስድስት ሰው ይገናኛል» የሚባለው ወሬ ዝነኛ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በ2016 ደግሞ ፌስቡክ 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎቹን ቆጥሮ ማንኛቸውም ሁለቱ በአማካይ በሦስት ተኩል እርምጃ ይገናኛሉ አለ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስድስቱ ነው። እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ቁጥር ነው። 232 መልእክት አልደረሰም! ከእነዚህ ውስጥ 79ኙ ገና ከመጀመሪያው ሰው እጅ አልወጡም። መንገድ ስላልነበረ አይደለም። አንዱ «ነገ እልካለሁ» ብሎ ረሳው፣ ሌላው ምን አገባኝ አለ፣ ሌላው መልእክቱን ራሱን አላመነውም ይሆናል። በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት በኢሜይል ይህንኑ ሞክሮ ከ24,000 በላይ ሰንሰለት ቢጀመርም እስከ መጨረሻ የደረሰው 384 ብቻ ነው። አሁን የእኛን ስልክ አስቡት። «ይህችን ልጅ የምታውቁ» የሚል ስንት ፎቶ በዋትሳፕ ደርሶሽ በጣትሽ ገፋ አድርገሽ አልፈሻል? አልወቅስሽም። ማዳም እየጠራች ነው፣ ሕፃኑ እያለቀሰ ነው፣ ድስቱ እሳት ላይ ነው።

ከዚያ ሙከራ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ሰውየው ቤት ድረስ ከመጡት 24 መልእክቶች 16ቱ ያለፉት በአንድ ሰው በኩል ነው፤ በሰፈሩ ልብስ በሚሸጥ ነጋዴ። ሁሉም ሰው ሁሉንም እኩል አያውቅም ማለት ነው። ጥቂት ሰዎች እንደ መናኸሪያ ናቸው።

የእኛ ነጋዴ ማነው? ጅዳ ላይ ብዙ ጊዜ እቤቷ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት ናት። ወይ ካርጎ የሚቀበለው ልጅ፣ ወይ ሐበሻ ምግብ ቤት ቡና የምታፈላው፣ ወይ ዐርብ ዐርብ ልጆችን የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ወይ ፀጉር የምትሠራው። መካ ላይ ደግሞ ለዕረፍት ቀን ተሰባስበው ክፍል የተከራዩ ልጆች አሉ፤ አንድ ክፍል በአንድ ወር ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድርባት ብትቆጥሪ ትገረሚያለሽ። ቁርዓን የምታስቀራ እህትም እንደዚያው ናት፣ ተማሪዎቿ ከየሰፈሩ ናቸው። ሰው ስትፈልጊ ለሃምሳ ጓደኛ ከመላክ ለእነዚህ ለሁለቱ መላክ ይሻላል። ያውም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ደውለሽ፣ አስረድተሽ። ፎቶ ብቻውን ከላክሽ ይታለፋል። «እናቷ ታማለች፣ አራት ወር ድምጿን አልሰማችም» ብለሽ በድምፅ ከላክሽ ግን አይታለፍም።

አንድ ፍለጋ ልንገራችሁ። ልጅቷ እንዳትታወቅ ዝርዝሩን እዚህም እዚያም ለውጬዋለሁ። አንዲት እናት ከደቡብ ወሎ ልጄ ጠፋችብኝ አሉ። ልጅቷ መካ ናት፤ አራት ወር ሙሉ ስልኳ ዝግ ነው። እናት ያላቸው አንድ ፎቶና «ማዳሟ አስተማሪ ናት» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ኤጀንሲው ስልክ አያነሳም። ጉዳዩ እኛ ጋ የደረሰው በጎረቤታቸው የእህት ልጅ በኩል ነው፤ እሷ ጅዳ ሰፋ ሰፈር ትሠራለች። እኛም የጠየቅናት አንድ ነገር ነው፦ ከልጅቷ ጋር በአንድ ቀን የበረረ ሰው ታውቂያለሽ? አላወቀችም፤ ግን ከመሄዳቸው በፊት አብረው ሥልጠና የወሰዱ አንዲት ልጅ ታውቃለች። ያቺ ልጅ ደግሞ አስታወሰች። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ሾፌር ሁለት ልጆች ይዞ ወደ መካ ሄደ፤ አንደኛዋ የእኛዋ ናት፣ ሁለተኛዋ አዚዚያ የምትባለው ሰፈር ገባች።

የአዚዚያዋ ስልክ ተቀይሯል። እዚህ ላይ ነው የቆመው። መልእክቱ አንዲት ልጅ እጅ ላይ ዘጠኝ ቀን አደረ። የአዚዚያዋን አዲስ ቁጥር ታውቅ ነበር፣ ግን ፈራች። «ጠፍታ ከሆነስ? እኔን ቢጠይቁኝስ? ኢቃማዬን ቢይዙብኝስ?» ፍርሃቷ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። አንዲት ሴት «ሁሩብ» ተብላ ከተመዘገበች በኋላ እሷን ያስጠጋ ሰው ጣጣ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በመጨረሻ ያሳመናት ሌላ ሰው ሳይሆን የእናትየው ድምፅ ነው። ሠላሳ ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ።

የአዚዚያዋ ልጅ የማዳምን ትምህርት ቤት ሰፈር ታውቅ ነበር። ከዚያ ሰፈር ያለ አንድ የባቃላ ሠራተኛ፣ ሐበሻ እንኳ አይደለም፣ ሐበሻዋን ልጅ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ያያታል። ቁራጭ ወረቀት ሰጣት። በሃያ ቀን ውስጥ አምስት ስድስት እጅ ማለት ነው። ከሃያው ቀን ግማሽ የሚጠጋው አንድ ስልክ ውስጥ ያደረበት ነው።

ልጅቷ አለች። ስልኳ ተሰብሮ ነበር፣ ደመወዝ ስድስት ወር አልተከፈላትም፣ «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል» ብላ አፍራ ነው ዝም ያለችው። እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ያለች ልጅ የሞተች ወይም የታሰረች ሳትሆን ያፈረች ናት። ለእናትየው ያልነው ልጅቷ በሉ ያለችንን ብቻ ነው፦ «አለች፣ ደህና ናት፣ ዐርብ ራሷ ትደውላለች።» ደወለችም። የደመወዙ ጉዳይ ገና አላለቀም።

ፍለጋን በጣም የሚያስቸግረው ስም ነው። ሀገር ቤት እናት በአንድ ስም ትጠራሻለች፣ ሰፈር በሌላ። ፓስፖርት ላይ ሦስተኛ ስም አለ፤ ዕድሜና ስም ቀይሮ ያወጣው ደላላ ብዙ ነው፣ ሳዑዲ ለመምጣት ሲባል የሙስሊም ስም ተሰጥቷቸው የመጡ ክርስቲያን ልጆችም አሉ። ኢቃማው ላይ ደግሞ በአረብኛ ይጻፋል። አረብኛ «ጨ» እና «ፐ» ስለሌለው ጫልቱ ሻልቱ ሆና ትገኛለች። ከዚያ ማዳም ስሙ ይከብደኛል ትልና ሳራ ወይ ፋጡማ ትልሻለች። እንግዲህ አንዲት ሴት በአምስት ስም ትኖራለች። ሆስፒታል ወይም ሹርጣ ጣቢያ ሄደሽ እናትየው በምትጠራት ስም ብትጠይቂ «የለችም» ነው መልሱ። ስለዚህ ሰው ስትፈልጊ ሁሉንም ስም ጠይቂ፦ የቤት ስም፣ የፓስፖርት ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የመጣችበት ወር፣ የተነሳችበት ቀበሌ። አንቺም ብትሆኚ የፓስፖርትሽን ስም ሀገር ቤት አንድ ሰው ይወቀው። ብዙ እናቶች ልጃቸው በምን ስም እንደሄደች አያውቁም።

ሌላ ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር፦ ማን ነው የሚረዳሽ? «የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ለታመመ ሰው ውኃ የሚያቀብል የቅርቡ ነው። ለመረጃ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ተመራማሪ ቦስተን አጠገብ በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠቋሚያችሁን በዚያ ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ዘወትር የሚያገኙት ሰው የጠቆማቸው ከመቶ 17 ብቻ ናቸው። 56ቱን የጠቆመው አልፎ አልፎ የሚያገኙት ሰው ነው፣ 28ቱን ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያዩት። ጽሑፉ የወጣው በ1973 ነው፣ ለእኛ ግን ዛሬ የተጻፈ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የምታውቀው አንቺ የምታውቂውን ነው፤ አንድ ሰፈር፣ አንድ ግሩፕ፣ አንድ ወሬ። አዲስ ነገር የሚመጣው ከሩቋ ነው።

ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ይህ ማለት ምንድን ነው? ኢቃማ ለማውጣት ምርመራ ስትሄጂ ወንበር ላይ አጠገብሽ የተቀመጠችው ልጅ፣ ከላይኛው ፎቅ ያለችው ፊሊፒናዊት፣ ከማዳም እህት ቤት የምትሠራዋ ኬንያዊት፣ የትምህርት ቤት ሾፌሩ። ጓደኛ መሆን የለባችሁም። ስሟንና ቁጥሯን ማወቅ በቂ ነው። ፊሊፒኖቹን እኔ አደንቃቸዋለሁ፤ ማን የት ቤት እንደሚሠራ በደንብ ይያያዛሉ። እኛ ደግሞ አንዳንዴ ሐበሻ ካልሆነች አናናግርም። ባቃላው ሠራተኛ ባይኖር ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ አትገኝም ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ጎን። ይኸው ሰንሰለት ደላላም ይጠቀምበታል። «መካ ጥሩ ቤት አለ፣ ደመወዙ እጥፍ ነው፣ የእኔ ጓደኛ እህት እዚያ ናት» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከምታምኚው ሰው ነው፤ እሷም ከምታምነው ሰው ሰማች። አምስተኛው ሰው ጋ ስትደርሺ የማታውቂው ወንድ ነው፣ ኮሚሽን ተቀባይ። ከከፊልሽ ቤት ወጥተሽ ሁሩብ ሆነሽ ስትቀሪ ሰንሰለቱ በአንድ ቀን ይበናል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ «ቤቱን በዓይንሽ አይተሻል?» ብለሽ ጠይቂ። «አላየሁም ግን…» ካለች በቃ።

የፍለጋ መልእክት ላይም ሌቦች ያደፍጣሉ። የእናት ስልክ ቁጥር ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በማግስቱ «ልጅሽ እኛ ጋ ናት፣ ታስራለች፣ ብር ላኪ» የሚል ይደውላል። ላም ሸጠው የላኩ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ በአደባባይ የሚለጠፈው የቤተሰብ ቁጥር ሳይሆን ሀገር ውስጥ ያለ የአንድ ጠንካራ ሰው ቁጥር ይሁን። የፓስፖርት ፎቶም አይለጠፍ። «አገኘኋት» ያለ ሰው ሲመጣ ልጅቷ ብቻ የምታውቀውን ነገር ጠይቁት፦ የመጀመሪያ ላማችሁ ስም ማን ነበር? አያትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው? ልጅቷ በእርግጥ ካለች መልሱ በአንድ ደቂቃ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላለሁ፦ መገኘት የማትፈልግ ሴት አለች። ከባሏ የሸሸች፣ ወንድሟ ደመወዟን ሁሉ እየበላ ያስመረራት፣ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ያገባች። የሚፈልጋት ሰው «ወንድሟ ነኝ» ስላለ ብቻ ሰፈሯን አትንገሪ። መጀመሪያ እሷን ጠይቂ። እሺ ካላለች የሚመለሰው «በሕይወት አለች» የሚለው ብቻ ነው፣ እሱንም ከፈቀደች። አንዳንድ ቤተሰብ በዚህ ይቆጣናል። ይቆጣ።

መርዶ ሌላው ነው። ሀገር ቤት መርዶ በወጉ ነው፦ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ውኃ ይያዛል። እዚህ ግን ሴቲቱ ወጥ ቤት ብቻዋን ሆና ኢሞ ስትከፍት የአባቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ተብሎበት ታያለች። ሰው በሰው የሚሄድ ወሬ ፈጣን ነው፣ ከአፍ የወጣ ደግሞ አይመለስም። ራሷን ስታ የወደቀች ልጅ አይቻለሁ፤ እሳት አጠገብ ነበረች። ስለዚህ ከሀገር ቤት መርዶ ሲደርስሽ ለባለቤቷ ከመንገርሽ በፊት አስቢ፦ መቼ ነው ሥራ የማይበዛባት? አጠገቧ ማን አለ? ማዳሟ ሰብዓዊነት ካላት ቀድሞ ለማዳሟ መንገር ይቻላል። የዕረፍት ቀኗ ድረስ ቆይቶ ሁለት ሦስት ሆኖ ማርዳት በጣም ይሻላል። እስከዚያ ፎቶውን ማንም እንዳይለጥፍ ግሩፑን ለምኑ። ለቅሶዋን ካለቀሰች በኋላም ለጥቂት ሳምንት በየቀኑ አንድ ሰው ይደውልላት፤ ምግብ ትታ፣ እንቅልፍ አጥታ ዝም ካለች ብቻዋን አትተዉአት።

ሰንሰለቱ ሁሉ የተንጠለጠለው በስልክ ላይ ነው። ስልክ የሚቀሙ ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ ፓስፖርትሽን እንዳይዝ ይከለክላል፣ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይሰጥሻል፣ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል። ከቤተሰብሽና ከኤምባሲሽ ጋር መገናኘትም መብትሽ ነው። ወረቀት ላይ ያለ ሁሉ ቤት ውስጥ አይገኝም፣ ይህን ለናንተ አልነግራችሁም። ግን «መብቴ ነው» ብሎ መናገርና «እባክሽ ማዳም» ብሎ መለመን ልዩነት አለው። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ በመካ ክልል፣ ጅዳንም ጨምሮ፣ 911 ይደወላል። ለአምቡላንስ 997። ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላም የጠፋ ሰው ጉዳይ ይቀበላል፤ የፓስፖርቱ ስም ሳይኖርሽ ግን አትሂጂ።

መካን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክርስቲያን እህት መካ መግባት አትችልም፣ እህቷ መካ ብትጠፋም እዚያ ያለች ሌላ ሰው መያዝ አለባት። ሐጅ ሲቃረብም በየዓመቱ ኬላዎቹ ይጠብቃሉ፤ ፈቃድ ወይም የመካ ኢቃማ የሌላት ሙስሊምም ከጅዳ ተነስታ አትገባም። በዚያ ጊዜ ልሂድና ልፈልጋት አትበሉ፣ ትያዛላችሁ። ውስጥ ያለ ሰው ፈልጉ።

የቀረው ሹሜሲ ነው። በጅዳና በመካ መሐል ያለውን እስር ቤት የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በጀመረው አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ በ2022 እንደገና 100,000 ያህል ሰው ለመመለስ ስምምነት ሲደረግ፣ ስንቱ በዚህ በኩል እንዳለፈ እናስታውሳለን። እዚያ ስልክ ይወሰዳል። ስልኩ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ቁጥር በቃልሽ ያዢ፣ አንድ የሀገር ቤትና አንድ የዚህ። ዛሬ ማታ ድስት ስታጥቢ ደጋግመሽ በይው።

አንዲት ልጅ ከዚያ ወጥታ ሀገር ልትገባ ስትል አብረዋት የታሰሩት ቁጥራቸውን ነገሯት። ወረቀት ስላልነበረ ሻርፕ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው፣ የአሥራ አንድ ሰው። ቦሌ እንደወረደች ከአንድ ጥበቃ ስልክ ተውሳ ተራ በተራ ደወለች። ዘጠኝ እናቶች አነሱ። አንዱ ቁጥር ላብ አጥፍቶት አይነበብም፣ አንዱ ደግሞ ይጠራል፣ ግን አይነሳም። እኛም አልፎ አልፎ እንሞክረዋለን።